አሥራ አራት ቁጥር የማይደርስባቸው መንገዶች

ይህችን የሰው አገር ትልቅ ከተማ ከእኔ በላይ በእግሩ የሚያውቃት ተማሪ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ወንዙ ዳር ያለውን ጸጥ ያለ መንገድ፣ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ያላትን አቀበት፣ ከባቡር ጋራዡ ጀርባ ያለውን መናፈሻ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የመረጥኳቸው ግን ለውበታቸው አልነበረም። አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ስለማይደርስባቸው ነው።

አሥራ አራት ቁጥርን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ጋሼ ወደዚህ ያመጣኝ ለእማዬ ቃል ገብቶ ነው። እኔንም ገና አየር ማረፊያው በር ላይ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አስጠንቅቆኛል። «ዲግሪሽን ሳትይዢ ከወንድ ጋር ባይሽ፣ በማግስቱ አሳፍሬ ለእማዬ ነው የማስረክብሽ!» ጋሼ ደግሞ ካለ አለ ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በሁለተኛው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ሊፍት ውስጥ ተቆለፈብኝ። መብራቱ ሲጠፋ በገዛ ቋንቋዬ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ከውጭ አንድ ወንድ በዚያው ቋንቋ «አለሁ፣ አይዞሽ! ከበሩ ራቅ በይ» አለኝ። በሩን ፈልቅቆ፣ ቅባት በነካው እጁ ይዞ አወጣኝ። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሊፍቱ» እለዋለሁ።

ሰባት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼን «ላይብረሪ ነኝ» እያልኩ ከሊፍቱ ጋር ዞርኩ። የጋሼን የሥራ ፕሮግራም ከማቀዝቀዣው በር ላይ እያነበብኩ መንገድ የማወጣው እኔ ነኝ። ዋናውን ጎዳና መሻገር ካለብን ሊፍቱ አጥር ጥግ ይቆማል፤ እኔ ግራ ቀኙን አይቼ ስጠቅሰው ይሮጣል። መጀመሪያ ያስቀን ነበር። በኋላ ግን እሱ መሳቁን ተወ።

ያለፈው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ስንሄድ ዓይኑን ከመሬት አላነሳ አለ።

«ምን ሆነሃል? ዛሬስ ፊትህ አላማረኝም።»

«ድርጅቴ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮኛል። ሰኞ እሄዳለሁ።»

ክንዱን ያዝኩት። «ትመላለሳለህ አይደል?»

«አጥር ጥግ ለመቆም?» ቀና ብሎ አየኝ። «እወድሻለሁ። መደበቅ ግን በቃኝ። ወይ ወንድምሽ ፊት ቆሜ ልናገር፣ ወይ ዛሬ እዚሁ እንሰነባበት።»

«በሞቴ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ! ይመልሰኛል እኮ፤ ትምህርቴን...»

አልጨረስኩትም። ከፊታችን ካለው መታጠፊያ አሥራ አራት ቁጥር ብቅ አለ! ለካ ዋናው ጎዳና ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ፣ አውቶቡሶቹን በወንዙ መንገድ አዙረዋቸዋል። ቀይ መብራት ያዘውና ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«ተደበቅ!» አልኩት እጁን እየጎተትኩ።

ንቅንቅ አላለም። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አስተያየቱ አንጀቴን በላው። ያለ ዲግሪ እማዬ ቤት ስገባ ታየኝ። ቅዳሜን ያለ እሱ ብቻዬን ስዞርም ታየኝ፤ ይሄኛው ባሰብኝ።

ለአውቶቡሶቹ የተተከለው ጊዜያዊ ፌርማታ አጠገባችን ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እጄን አነሳሁ።

የፊቱ በር ተከፈተ። ጋሼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የያዝኩትን እጅ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ላይብረሪ አልነበርኩም» አልኩ። «ሰባት ወር ዋሽቼሃለሁ። እወደዋለሁ።»

በአገጩ ወደ ውስጥ ጠቆመን። ስንገባ በሩን ዘግቶ ነዳ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ሊፍቱ እጄን ጨብጦ ይዟል፤ ላቡ የእሱ ይሁን የእኔ እንጃ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። «እስክነሳ ስድስት ደቂቃ አለኝ» አለ ሊፍቱን እያየ። «ተናገር።»

ሊፍቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልወስዳት አልመጣሁም። ትማር፤ እጠብቃታለሁ። ግን እርስዎ እያወቁ ልጠብቃት።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን አድርጌሽ ነው ይሄን ያህል የፈራሽኝ?»

«ለእማዬ ታስረክበኛለህ ብዬ...»

«አንቺ ከሄድሽ እዚህ ማን አለኝ?»

አላስችል አለኝና አለቀስኩ። እሱም በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። ስድስቱ ደቂቃ አልቆ ሰው መግባት ጀመረ። እኛም ወደ ኋላ ወንበር ልንሄድ ስንል ጋሼ በመስታወቱ አየን።

«ወዴት ነው? እዚህ ፊት፣ እኔ የማያችሁ ቦታ ተቀመጡ!» ከዚያ የምሳ ቦርሳውን አንስቶ ለሊፍቱ አቀበለው። «አንተ፣ እንካ፤ ይቺን መሃላችሁ አድርጋት።»