አልነሳ ያለው የመግቢያ ገጽ

ካርታ ሠሪው በሥራ ቦታው ከብረት ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። አጠገቡ አንድ በርጩማ ተገልብጧል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ገጹ ግን ጥቁር ነበር። ላየው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰውዬው ከላይ ያለውን የኮምፒውተሩን ገመድ ሊያይ ወጥቶ ወድቋል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ግልጽ ነገር ቶሎ አይዋጥላትም።

ክፍሉ ውስጥ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና ተማሪው ነበሩ። መውለድ ያልሆነላቸው ባልና ሚስት ተማሪውን ከሕፃንነቱ አሳድገውታል፤ «ልጃችን» የሚሉትም እሱን ነው።

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው። «ምሳ ልጋብዘው ብዬ መጣሁ። ወዲያው ለልጁ ደወልኩ።»

«ኮምፒውተሩን ነክተሃል?»

«እኔ? ይህ ኮምፒውተር ስለሚሠራበት ሊኑክስ ስለሚባለው ሥርዓት የማውቀው ወንድሜ ሌላ ነገር ቤቱ እንደማያስገባ ብቻ ነው።»

«ከባልሽ ሌላ ይህን ማሽን የሚከፍተው ማነው?» አለቻት ሚስትየዋን።

«ልጃችን ብቻ። እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ።»

ተማሪው ዓይኑን ጠረገ። «ጠዋት አብረን ነበርን። የመግቢያው ገጽ አልነሳ አለ። እኔ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ጋሼ ገመዱን ሊያዩ ወጥተው ይሆናል።»

መርፌ ግድግዳው ላይ በሟቹ እጅ የተጻፈውን አነበበች፤ «ገመድ ከመንካትህ በፊት ማሽኑን ጠይቀው።»

«የጋሼ ሕግ ነው» አለ ተማሪው። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ።

መርማሪዋ ተቀምጣ ኪቦርዱ ላይ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። የመሥሪያ ቤቷ ማሽን ብዙ ጊዜ ስላስለቀሳት ይህችን ዘዴ በግድ ተምራታለች። ጥቁሩ ገጽ ሄዶ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ሟቹ ከፍቶት የሄደው ገጽ ነበር፤ ጥያቄውም የማሽኑም መልስ እዚያው አሉ። መርፌ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀችና ሁለቱን መልሶች አስተያየች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ስክሪኑ ጠራቻቸው።

«ሟቹ ሕጉን አልጣሰም» አለች። «ማሽኑን ጠይቆ መልስ አግኝቷል፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት መጋዘን ጢም ብሎ ሞልቷል። መጋዘን ሲሞላ የመግቢያው ገጽ መነሻ ቦታ ያጣል። ይህን ያወቀ ሰው ገመድ ፍለጋ በርጩማ ላይ አይወጣም። በርጩማውን የገለበጠው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ ማን ሞላው?» አለ ወንድምየው።

«እሱ ላይ ነኝ። አሁን ስጠይቀው መጋዘኑ ግማሹ ባዶ ነው። ሙት ሰው ዕቃ አያወጣም። የሞላው ሰው ሟቹ ከወደቀ በኋላ የራሱን የፋይል ክምር አጠፋ። ግን ቸኮለ፤ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ረሳ።»

ማሽኑን አጥፍታ አስነሳችው። የመግቢያው ገጽ ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ወለል ብሎ መጣ። ማንም ገመድ አልነካም።

«ይህን ማሽን የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች መርፌ። «አንዱ ሞቷል።»

ተማሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «የዕድሜ ልክ ሥራቸውን እዚያው ማሽኑ ላይ በድብቅ እየቀዳሁ ነበር፤ መጋዘኑን የሞላው ቅጂው ነው። ነገ ለሌላ ድርጅት የራሴ ነው ብዬ ላቀርበው። ደረሱብኝ። አልተቆጡም እኮ። ‹የኔ ልጅ፣ አንተ?› ብቻ አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት ሲያቅተኝ ገፋኋቸው፤ ጠረጴዛው መታቸው።»

ወንድምየው ሊይዘው ተነሳ። ሚስትየዋ በእጇ ከለከለችው። ያጎረሰችው ልጅ እጇን ነከሳት ማለት ይህ ነበር፤ ግን አላለቀሰችም።

«ዛሬ ማታ ልንነግርህ ነበር» አለችው። «ዛሬ ማታ ልንነግርህ ነበር» አለችው። «‹ዓይኔ ደከመ፤ ካርታውንም ስሙንም ለልጄ ላስረክበው› ብሎ ባሌ ወስኖ ነበር። ከእኔ ጋር ተማክረን ጨርሰናል። የሰረቅከው እኮ የራስህን ነው።»

ተማሪው ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። የመግቢያው ገጽ የይለፍ ቃል እየጠበቀ ነበር።