በካፖርቶች መካከል የተቀዳ

ፖድካስት ለመጀመር ጸጥ ያለ ክፍልና ደፋር አፍ ይበቃል ይላሉ። አፉ ነበረኝ። ጸጥታ ግን እኛ ቤት አይታወቅም፤ እናቴ ስልክ ስታወራ ስልኩ ትርፍ ነው፣ ከበላያችን የሚኖሩት ጡረተኛ ደግሞ ወንበር ሲጎትቱ የሚውሉ ሰው ናቸው። የምሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥም መኪናው ከእኔ እኩል ይለፈልፋል።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከሥራዬ ነው። ልብስ ሊያስጠግን የሚመጣ ሰው ሳይናገር ብዙ ይናገራል። የኮቱ ቁልፍ ሁልጊዜ ከደረቱ ላይ የሚበጠስ ሰው፣ ሲቆጣ የሚነፋ ነው። ኪሱ የተቀደደ ሰው እጁን የት እንደሚያኖር የማያውቅ ዓይን አፋር ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ከዐሥረኛ ክፍል አቁሜ፣ መቁረጡንም መስፋቱንም ከሌላ ሰው እጅ በዓይኔ ነው የሰረቅኩት። ስለዚህ «ሰው በልብሱ» የሚል ፕሮግራም አዘጋጅቼ፣ ሴቶች ባል ሲመርጡ ከፊቱ በፊት ክርኑን እንዲያዩ ልመክር ተነሣሁ። እኔን ራሴን ፍቅር ይዞኝ አያውቅም ነበር። ይህን ግን አድማጭ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ስልኬ ላይ ያየሁት አንድ አስተማሪ ድምፅ የሚያምረው ልብስ በተሰቀለበት ቦታ ነው አለ፤ ልብስ የገደል ማሚቶውን ይውጠዋል። የእኛ ቁም ሳጥን እኔን ቀርቶ የእናቴን ጫማ አልቻለም። ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ላውንደሪ ግን ከኋላው ካፖርት ብቻ የሚሰቀልበት ክፍል አለው።

ባለላውንደሪው ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከእንፋሎቱ ብዛት ፊቱ ሁልጊዜ አሁን የታጠበ የሚመስል ወጣት ነው። ገብቼ ክፍሉን በሳምንት ግማሽ ሰዓት እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። ካውያውን አቁሞ አሰበ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ማሽኖቹን እንደሚያጠፋልኝ ነገረኝ። አንዳንድ ሰው ውለታ ሲውል እንዲታይለት ያስላል፤ እሱ ወደ ካውያው ተመለሰ።

መቅጃው ሠርግ ከሚቀርጽ ሰው ያገኘሁት አሮጌ ነው። ቀጭን መመሪያ ነበረው። ባለላውንደሪው ላንብብልዎ ቢለኝ ናቅሁት፤ ያለ መመሪያ መቀስ የያዘች ሴት አንዲት ቁልፍ አታቅታትም አልኩት። ቁልፏን ተጫንኩ፤ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ተናገርኩ። ስጨርስ ደግሜ ተጫንኩና መቅጃውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ መደርደሪያው ላይ ተውኩት። ማታ ወደ ቤት ስሄድ እወስደዋለሁ፤ ሁልጊዜም ባትሪው ሞቶ አገኘዋለሁ። ምነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ሦስት ማክሰኞ እንዲህ ሆነ። በጨረስኩ ቁጥር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይመጣና በተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን። የሸሚዝ ኪሱን ቀለም የነካው ወንድ ዝንጉ ነው ስል፣ እስክሪብቶው መጥፎ ቢሆንስ ይለኛል። ኮሌታው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ወንድ ቤቱ ሴት አለች ስል፣ ወይም ላውንደሪ አለው ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ደግሞ ስስቅ ወደኋላ ተንገዳግጄ አንድ ከባድ ካፖርት ላዬ ላይ ወደቀ። አነሣልኝ። አነሣውና መስቀሉን ረሳው፤ ካፖርቱን አቅፎ እያየኝ ቆመ። እኔም ክርክራችንን ረስቼ ፀጉሬን ማስተካከል ጀመርኩ። ይህ በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ያን ዕለት እሱ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል እንደወጣ እናቴ ደወለች። ከባለላውንደሪው ጋር ስትስቅ ትውላለች ብለው ነግረዋታል። እውነት ነው ወይ አለችኝ። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

«እሱን ነው?» አልኳት። «ለክፍሉ ስል ነው የምስቅለት። ክፍሉ ባይኖረው ሰላምም አልለው።»

ስልኩን ስዘጋ መልሼ ልደውልላት ቃጣኝ። ግን እናት ፊት ወደኋላ አይባልም።

ቅዳሜ የሦስተኛውን ሳምንት ቅጂ አስቀድሜ ለቀቅሁት፤ ምላሴ የተፍታታው ያኔ ነው ብዬ ስላመንኩ። ሳልሰማ ነው የለቀቅሁት፤ የራሴን ድምፅ መስማት አልወድም። ርዝመቱ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ሳገኘው ብዙ ቁም ነገር ብናገር ነው ብዬ ኮራሁ። ለደንበኞቼ ሁሉ ላክሁ። ለዘመድ ላክሁ። ለእሱም ላክሁ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ስልኳን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ይዛ አልጋዬ ድረስ መጣች።

«ስለ ክርን እመክራለሁ ያልሽው የታል?» አለች። «እኔ የሰማሁት ያንን ልጅ ስትሰድቢ ነው። ለእኔ።»

መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ቁልፏ አንዴ ስትጫን መሣሪያው ይዘጋጃል፣ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች፤ መቅዳት የሚጀምረው ሁለተኛ ሲጫኗት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምክሬን የሰሙት ካፖርቶቹ ብቻ ናቸው። መሣሪያው ያስቀረው አጠፋሁት ካልኩ በኋላ የተባለውን ሁሉ ነው፤ ክርክራችንን፣ ሳቄን፣ የካፖርቱን መውደቅ፣ ከዚያም ያንን ስልክ።

ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከእኔ ስድብ በኋላ የእግሬ ኮቴ ይወጣል። ቀጥሎ አንድ ደንበኛ ቀደም ብሎ መጥቶ ማሽን ጠፍቶ ስላገኘው ይነጫነጫል፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ላውንደሪ እሄዳለሁ ይላል። ቀስ ያለው ድምፅ ይመልሳል።

«ግድ የለም፣ ይሂዱ። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ነው የምሰማው። ልጅቷን የምሰማው ማክሰኞ ብቻ ነው።»

ፕሮግራሙን አጠፋሁት። ግን ሰፈሩ ለሁለት ለመከፈል ጊዜ አልፈጀበትም፤ በእሱ ወገን ሁሉም ሰው፣ በእኔ ወገን እኔ። ከበላያችን ያሉት ጡረተኛ እንኳ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ሌላ ጊዜ ተረት አትወድም፤ ያን ቀን ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብላኝ በሩን ዘጋችው።

ማክሰኞ ሄድኩ። ማሽኖቹ ጠፍተዋል። ክፍሉ ተጠርጓል።

«ክፍሉ ዝግጁ ነው» አለኝ። «እርስዎ ሲጨርሱ ይጥሩኝ።»

ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ። እሱ ግን «እርስዎ» አለኝ። ሳልገባ ተመለስኩ።

ሌሊቱን ይቅርታ ስቀምር ነበር ብል ውሸት ነው፤ አፌ ምን ያህል እንደሚችል እሱም ያውቃል። ምንም ባሳምር ክፍሉን ፈልጋ ነው ቢል አልፈርድበትም። ያለ ክፍሉ አልሰጠውም ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰላምታ። እሱን ልስጠው አልኩ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት፣ ማሽኑ ሁሉ ሲያጓራ፣ ገባሁ።

«እንዴት አደርክ?» ብዬ ጮህኩ። ሳልጮህ አይሰማም።

«ደህና። እርስዎስ?»

«ደህና።» ወጣሁ።

ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብም፣ ቅዳሜም። እሑድ ሱቁ ዝግ ስለነበር ሰኞ የሁለት ቀን ሰላምታ አቀረብኩ። ሰው ሰዓቱን ለመደው፤ አንዲት ሴትዮ ያንኑ ንጹሕ ሻርፕ በሦስት ሰዓት ማመላለስ ጀመሩ። በዘጠነኛው ቀን እሱ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ ደህና እንኳ አላለም። ሴትዮዋ አዘኑልኝ። ሰው ሲያዝንልኝ አልችልም።

በዐሥረኛው ቀን ቀረሁ። ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ጠማማ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። አለቀ፣ ሰላምታም ልክ አለው እያልኩ ለራሴ ስነግር በሩ ተከፈተ።

ሽርጡን እንዳደረገ ነው መንገዱን የተሻገረው። የዘበኛ የደንብ ልብስ ሱሪ ይዟል፤ ጉልበቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ከነአፍንጫው ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ካውያ በያዘባቸው ስድስት ዓመታት አንዲት ክር አቃጥሎ አያውቅም።

ይጠገን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጨርቁን በጣቴ ብነካው ተፈረፈረ። አይሆንም አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አመጣኸው?»

ሱሪውን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው።

«ሦስት ሰዓት ላይ በሩን እያየሁ ነበር» አለ። «ሦስት ተኩል ላይም እያየሁ ነበር። ዛሬ ምነው ቀረሽ?»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። ለእናቴ የነገርኳት ውሸት ነው አልኩት፤ የሳቅሁት ስላሳቅከኝ ነው፣ የዋሸሁትም ስለፈራሁ ነው። ይህን ለመናገር ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ ደከመኝ። እሱም ውሸት መሆኑን ያን ቀን እንደጠረጠረ፣ ግን ሰው ሁሉ ሰምቶት ደንበኛ ሁሉ እያየው ሲስቅ እንደከበደው ነገረኝ።

«ከጠረጠርክ ዘጠኝ ቀን ለምን አመላለስከኝ?»

«ሦስቱን ቀን ተቀይሜ ነው» አለ። የሽርጡን ማሰሪያ አጠበቀ። «ስድስቱን ደስ ስላለኝ።»

የምመልስለት ስድብ ስፈልግ ዘበኛው ከላውንደሪው አጥቶት እኛ ዘንድ መጣ። የተዘረጋውን ሱሪ አየ። ጎን ለጎን መቆማችንን አየ።

«ማነው ያቃጠለው?» አለ።

ባለላውንደሪው አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«እኛ ነን» አልኩ። «ይጠጉ፣ ለአዲሱ ወገብዎን ልለካ።»