ከወንበሩ ሥር ያለው ሽቦ

ጣሪቅ ባጃጅ እየነዳ ማለም ይወዳል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አስፋልቱን ውሃ ስታስመስለው፣ እሱ በዚያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ለሕልሙ የጎደለው ድምፅ ብቻ ነበር። ታናሽ እህቱ ፈይዛ ልትዳር ስትል በመንዙማ አጅባታለሁ ብሎ ትልልቅ ስፒከሮችና አምፕሊፋየር ገዛ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሼ ሙዐዊያ ዕቃውን አገላብጠው አዩት።

"ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ጫፉ በካፖኮርዳ፣ በዚያች የብረት ቀለበት፣ ተጨምቆ ይታሰር። ለስፒከሮቹም በልካቸው ማገናኛ ይግባላቸው፤ ፊውዝም ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን እስካስመጣልህ ታገሠኝ።"

"ጋሼ፣ ሰርጉ እኮ ደረሰ! ሽቦ ከሽቦ ከተገናኘ ምን ቀረው? ጠምዝዤ ናስትሮ ባለብሰው ማን ያየዋል?"

"ማንም አያየውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። የኛ አገር ሙቀት የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል። ኮረኮንቹ ደግሞ ጥምዝምዙን ይፈታዋል፤ የተራቆተው ሽቦ ብረት ሲነካ እሳት ይተፋል።"

ጣሪቅ አልታገሠም። ሽቦውን ራሱ ጠመዘዘ፣ ናስትሮ ጠቀለለበት፣ ወንበሩን መለሰበት።

በሰርጉ ዋዜማ ፈይዛ ከአክስታቸው ዘንድ ሂና ተቀብታ ስትመለስ ያሳፈራት እሱ ነበር። መንዙማው ባጃጇን ሞላት። ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ እየተወዛወዘ አብሮ የሚያዜም መሰለው። መንገዱ ለሰለሰ፤ ልቡ ቀለለው። የሚቃጠል ነገር ሸተተው፤ ገለባ የሚያቃጥል ገበሬ ይሆናል ብሎ አለፈው። ድምፁ ተቆራረጠ፤ እሱ ግን በሐሳቡ ማዜሙን ቀጠለ።

"ጣሪቅ! እግሬ! ያ አላህ፣ እግሬ!"

ዞር ሲል ከወንበሩ ሥር የወጣ እሳት የቀሚሷን ጫፍ ይዞታል። ባጃጇን አቁሞ ጎትቶ አወጣት፤ ነበልባሉን በጃኬቱ አፈነው። ሂናው ያልደረቀው እግሯ ተልጦ ነበር። የተተከለው ድንኳን ፈረሰ፤ ሙሽራዪቱም ሆስፒታል ተኛች።

ጣሪቅ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጦ፣ "አውፍ በይኝ። ጋሼ ሙዐዊያ ነግረውኝ ነበር" አላት።

ፈይዛ ከትራሷ ቀና ብላ አየችው።

"ነግረውህ ነበር? እኔ እኮ የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈልኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር የሰነበትኩት።"



ፈይዛ ከርማም ቢሆን ተዳረች፤ ስትራመድ ግን ታነክሳለች። ጣሪቅም ሽቦውን ሁሉ አስነቅሎ በጋሼ ሙዐዊያ እጅ እንደገና አሠራው። ዛሬ በባጃጅ ተራው አዲስ ስፒከር ያስገባ ጓደኛ ሲያገኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቱ በፊት "እስቲ ወንበሩን አንሣው" ይላል።

"ኧረ ተወኝ! ይኸው ጥርት አድርጎ እየዘፈነ አይደል?" ሲለው፣

"የኔም እየዘፈነ ነው የተቃጠለው" ይለዋል።

ወገኖቼ፣ በችኮላ የሠራነውን ጥፋት በቀደር ስም አንሸፍን። እኛ ከፊት ተቀምጠን መሪ እንይዛለን፤ እሳቱ የሚነሣው ግን ከኋላችን ካሳፈርናቸው ከምንወዳቸው ሰዎች ሥር ነው።