በኤሲው ላይ የተጋገረው በረዶ

ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለማይደንዝ ነው።

ያን ቀን ሙቀቱ ልብስን ከገላ ያጣብቅ ነበር። ሳሎኗን የስፌት ቤት አድርጋዋለችና ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ኤሲ ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ውስጡ በረዶ ተጋግሮ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል።

«የልጄ ሚስት ሥራ ነው!» አለች መቀስ፣ ምራቷን በአገጯ እየጠቆመች። «ሪሞቱን ይዛ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ! እናቷ ቤት ማራገቢያ እንኳ ሳታይ አድጋ፣ እዚህ ስትመጣ በረዶ ካልዘነበልኝ አለች!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ሆዷ የገፋው ምራቷ አልሳቀችም።

«እማማ፣ እኔ ሪሞቱን ከነካሁ ሰነበትኩ። ማጣሪያው ይታጠብ ብዬዎት ነበር።»

«ኤሲ ምንጣፍ ነው እንዴ የሚታጠበው?»

ምራቷ ተነሳች። መኝታ ቤት ገብታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር። ደንበኞቹም ነገሩ ሲከር «ነገ እንመለሳለን» ብለው ወጡ።

መቀስ ኤሲውን አጥፍታ፣ በረዶውን ልትፈረካክስ ቢላዋ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። እናንተ እንዳታደርጉት! ከበረዶው ሥር ያለው ቱቦ ስስ ነው፤ ከተበሳ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ወጥቶ ያልቃል። ደግነቱ ክዳኑን ስትከፍት ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። ማጣሪያው ወንፊትነቱ ቀርቶ ጨርቅ ሆኗል፤ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም። ሰሞኑን ስትቆርጠው የከረመችው የከፋይ ጨርቅ ብናኝ ነው። አየር ማለፊያ ስላጣ ቅዝቃዜው እዚያው ቱቦው ላይ በረዶ ሆኖ ቀርቷል። እዚያ ቤት ደግሞ ከእሷ ሌላ ከፋይ የሚቆርጥ የለም።

ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ብናኙን ገፍፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሞላው ጆንያ ሥር ቀበረችው! ማንም አላያትም። ፊቷ ግን እሳት ሆነ። ከመኝታ ቤት የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ሰማች። ልጇ ከሥራ ሲመጣ «ሚስቴስ?» ቢላት ምን ልትለው ነው?

ብናኙን መልሳ አውጥታ በመዳፏ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«የኔ ነው፣ ልጄ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ደግሞ ደብቄው ነበር። ይቅር በዪኝ።»

ምራቷ ብናኙን አየች፤ እሷንም አየች። «ያዋረዱኝ ሰው ፊት ነው፣ እማማ።»

ሻንጣዋንም አውጥታ በውጭው በር ሥር አቆመችው።

የኤሲውን ማቀዝቀዣ ሳያበሩ የውስጥ ማራገቢያው ብቻ እንዲዞር አደረጉ፤ በረዶው በራሱ ጊዜ ቀለጠ። ማጣሪያው በውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ደረቀ። የኤሲውን የአየር መውጫ ጋርዶት የነበረው የጨርቅ ክምርም ተነሳ። እንዲህ ተደርጎም ዳግመኛ በረዶ ቢጋገር ጋዙ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጠራል። ሪሞቱን እስከ መጨረሻ ዝቅ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ማጣሪያን በየጊዜው መክፈት ግን ኤሲንም ትዳርንም ያተርፋል። ሻንጣው ግን በውጭው በር ሥር እንደቆመ አደረ።

በማግስቱ ደንበኞቹ ሲገቡ አንደኛዋ «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ! ምን ሆኖ ኖሯል?» አለች።

መቀስ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። ድምጿ ቀጠነ።

«ቆሻሻው የኔ ነበር። እሷን በሐሰት ሰደብኳት፤ እናንተንም በእሷ አሳቅኳችሁ።»

የሳቁት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ምራቷ ሻንጣውን አንስታ ወደ መኝታ ቤት አመራች። መቀስ «በዚህ ሆድሽ ከባድ ዕቃ!» ብላ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ተነስታ ሻንጣውን ተቀበለቻት።