ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ጠረጴዛ

«እዚህ ጋ ነው» አለች ሶሌን፤ በጫማዋ ጫፍ አሸዋው ላይ መስመር እያሰመረች። «አባትዎ የወደቁት እዚሁ ቦታ ነው።»

ማዳም ቱርኮት መስመሩን ትኩር ብለው አዩት። ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከካናዳ፣ ከኬቤክ ነው የመጡት። አባታቸው ሮሙአልድ በ1944 ጀርመኖችን ከፈረንሳይ ለማስወጣት ከባሕር ወደዚህ የኖርማንዲ ጠረፍ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር። እሳቸው ያኔ የሁለት ወር ሕፃን ነበሩ።

«እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?»

«እንዴታ! ከጀርመኖቹ ምሽግ ሠላሳ እርምጃ።»

ይህን ስትል ድምጿ ቅንጣት ታህል አልተንቀጠቀጠም። ሶሌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌለ የትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ልጆች እንግዶችን በየተራ ጠረፉን ያስጎበኛሉ፤ ከሁሉም ተፈላጊዋ እሷ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የታንኩን ክብደት ጠይቋት፣ የዚያን ዕለት ነፋስ ከየት ይነፍስ እንደነበር ጠይቋት፣ መልስ አላት። የማታውቀውንም ቢሆን በሚያውቅ ሰው ድምፅ ትናገረዋለች። እስካሁን የነቃባት እንግዳ የለም።

ማዳም ቱርኮት ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ከቦርሳቸው ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አወጡና መስመሩ ካለበት ቦታ አሸዋ ሞሉበት።

«ባሕሩ አስከሬኑን እንኳ አልመለሰልንም» አሉ። «እናቴም ሌላ ሰው ሳታገባ ሞተች። ይሄን መቃብሯ ላይ አደርግላታለሁ። ነገ ጎህ ሳይቀድ ነው የምሄደው፤ ዛሬ አንቺን ባላገኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ከዚያ አንድ ፖስታ ሰጧት። ከሮሙአልድ ጋር የነበረ ወታደር ለእናታቸው የጻፈው ደብዳቤ ቅጂ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ለማንበብ ደፍረው አያውቁም፤ ለክበቡ ስጦታ ይሁን ብለው ነው ያመጡት። ሁለቱንም ጉንጯን ስመዋት ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ወደ ሆቴላቸው ሄዱ።

ለእንግዶች የሚያሳዩትን የፎቶግራፍ ሰሌዳ ተሸክሞ ከኋላ የቆመው የክፍል ጓደኛዋ ጋስፓር እስኪርቁ ጠበቀ።

«ሠላሳ እርምጃ? ባለፈው ለእንግሊዛዊው ሃያ አልነበር እንዴ?»

«እሱ ሌላ ሰው ነዋ የወደቀበት።»

«አንቺ ፎጋሪ! ከየት አመጣሽው ግን?»

«ማንም አያውቀውማ! ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ ‹አይታወቅም› ይባላል? ቦታ ይፈልጋሉ፣ ቦታ እሰጣቸዋለሁ። አለቀ።»

ጋስፓር ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምንም አልቆረቆራትም።

ቤት ስትደርስ አያቷ ዣን-ኢቭ መኮትኮቻውንና ቅርጫቶቹን ትራክተሩ ተጎታች ላይ እየጫኑ ነበር። በዚህ መንደር ባሕሩ ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚናገር ሰንጠረዥ የሌለበት ወጥ ቤት የለም። ቁጥሩ ከመቶ ካለፈ ፀጉር ቆራጩ ሱቁን ይዘጋል፣ ፖስተኛው ይጠፋል፣ ሁሉም ቦት ጫማውን አጥልቆ ዛጎል ለቀማ ይወርዳል።

«ዛሬ መቶ አሥራ ሦስት ነው!» አሉ አያቷ እጃቸውን እያፋተጉ። «ጠረጴዛው ይወጣል።»

ጠረጴዛው የሚሉት ከጠረፉ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ ድንጋዮቹ መሃል የተቀረቀረ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ከውሃ ብቅ ይላል። የአያቷ አባትም፣ አያቷም፣ እሷም ቅርጫታቸውን እዚያ ላይ አስቀምጠው ዛጎል ሲለዩበት ኖረዋል፤ ትልልቁ ለድስት፣ ትንንሹ ተመልሶ ለባሕር። ቦታው የሚገኘውም በቀላል ዘዴ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ሁለት ጭስ መውጫ ባለው ቤት ጣሪያ ላይ ልክ እስኪቀመጥ ድረስ መሄድ ነው።

ሶሌን ዳቦዋን በቅቤ እየበላች ፖስታውን ከፈተች።

«ጀልባችን ጠረፍ አልደረሰችም» ይላል ደብዳቤው። «ገና ሩቅ ሳለን ድንጋይ ላይ ወጣችና ፈንጂ መታት። ሮሙአልድ ከፊት በኩል ባለው መውረጃ ብረት ላይ ቆሞ ነበር፤ እዚያው ተመታ። እኔ ዋኝቼ ወጣሁ። ቦታውን እስክሞት አልረሳውም። ፊት ለፊታችን የደወሉ ማማ ሁለት ጭስ መውጫ ካለው ቤት ጣሪያ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር።»

ዳቦዋን አስቀመጠች። ደግማ አነበበችው። ሁለት ጭስ መውጫ ያለው ቤት በመንደሩ አንድ ብቻ ነው።

ስልኳን አንስታ ለጋስፓር ደወለችና ነገረችው።

«እና?» አለ ጋስፓር። «ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ሄደዋል። አሸዋ አሸዋ ነው፣ አታካብጂ። ደግሞ ከተናዘዝሽ ክበቡን ማን ያምነናል? ተይው በቃ።»

ስልኩን ዘጋች። እውነቱን ነው፤ ዝም ካለች የሚያውቅ የለም። ግን ያ ጠርሙስ ደረታቸው ላይ እንደታቀፈ ታያት፤ ውስጡ ያለው የእሷ ውሸት ነው። አፈረች። ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«አባባ፣ ጠረጴዛው መጀመሪያ ምን ነበር?»

«የጦርነቱ ብረት ነዋ! እዚህ አገር የጦርነት ያልሆነ ብረት የታለ? የዶሮ ቤታችን በር ራሱ የጦር መኪና ሽፋን አይደል?»

ደብዳቤውን አነበበችላቸው፤ ቀን የዋለችውንም ነገረቻቸው። አያቷ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

«አንድ ሰዓት ላይ ውሃው መመለስ ይጀምራል። ሂጂ ጥሪያቸው፣ ትራክተሩን ይዤ እጠብቃችኋለሁ። ያልሽውን ግን አንቺው ትናገሪያለሽ፤ እኔ አፍ አልሆንልሽም።»

ሶሌን እስከ ሆቴሉ ሮጠች።

ማዳም ቱርኮት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጠርሙሱ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ ክዳኑ ጠብቆ ታስሯል፤ በላዩም በጥንቃቄ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሮሙአልድ። ከምሽጉ ሠላሳ እርምጃ።»

«ማዳም፣ ዋሸሁዎት» አለች ሶሌን ትንፋሿ ሳይመለስ። «ሠላሳ እርምጃ ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ለምን?»

«ባዶ እጅዎን እንዳይመለሱ ብዬ... አይ፣ ይሄም ውሸት ነው። አላውቅም ማለት ስለማልወድ ነው።»

«ለእናቴ መቃብር ነው ብዬሽ ነበር እኮ።» ድምፃቸው ደረቀ።

«አዎ፣ ብለውኛል።» ሶሌን ዓይኗን አልሰበረችም። «ትክክለኛውን ቦታ አሁን አገኘሁት። ያመጡት ደብዳቤ ላይ አለ። ውሃው ዛሬ የሚሸሸው እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ሌላ ዕድል የለም።»

«አሁንስ በምን ላምንሽ?»

«አይመኑኝ። ይምጡና በራስዎ ዓይን ይዩት።»

ማዳም ቱርኮት ጠርሙሱን አዩት፣ እሷን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ።

ተጎታቹ ላይ ቅርጫቶቹ መሃል ተቀመጡ፤ እግራቸው የሶሌን አያት ባመጡላቸው ትልቅ ቦት ጫማ ውስጥ ጠፍቷል። ትራክተሩ እርጥቡን አሸዋ እየቀደደ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ሶሌን ስለ ማማውና ስለ ሁለቱ ጭስ መውጫዎች የሚለውን ከደብዳቤው አነበበችላቸው። ግማሹ መንደር አጎንብሶ ይቆፍራል።

«ዣን-ኢቭ!» ብሎ ፀጉር ቆራጩ ጮኸ። «ዛሬ የጫንከው ምን ዓይነት ዛጎል ነው?»

«ያረጀ ነው!» ብለው መለሱለት ማዳም ቱርኮት ራሳቸው። «ብትቀቅሉትም አይበስል!»

ሶሌን ከትከት ብላ ሳቀች። ሴትዮዋ ግን ወደ እሷ አልዞሩም፤ ገና ይቅር አላሏትም።

ብረቱ አረንጓዴ የባሕር ሣር ለብሶ ወጥቶ ነበር። ማዳም ቱርኮት ወርደው ፊታቸውን ወደ መንደሩ አዞሩ። ማማው ከቤቱ ጣሪያ በስተግራ ይታያል። ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ አሁንም ግራ ነው። ሶሌን ልትመራቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሁለት እርምጃ ጨመሩ። ማማው በሁለቱ ጭስ መውጫዎች መሃል ልክ ገባ። ቁልቁል ሲያዩ ቦት ጫማቸው ብረቱን ነክቶታል።

አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ማንንም ሳያፍሩ አለቀሱ። ሶሌን ቀረብ ብላ ክንዳቸውን ያዘች፤ እጇን አላስለቀቁም።

አያቷ የመጀመሪያውን ቅርጫት ሞልተው መጡና ቆሙ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ባስቀመጡበት ብረት ላይ ማስቀመጥ ከበዳቸው፤ ቅርጫቱ በእጃቸው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቀረ።

«አላወቅንም ነበር፣ ማዳም» አሉ። «ዛጎል ስንለይበት ነው የኖርነው። ይቅርታዎን።»

«እናቴ ደጋግማ ትለኝ ነበር» አሉ ማዳም ቱርኮት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሮሙአልድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ የዓሣ ሽታ ከልብሱ አይለቅም ነበር። ቅርጫቱን እዚሁ ያስቀምጡት።»

አያቷ ቅርጫቱን ቀስ ብለው ብረቱ ላይ አሳረፉት።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ከፈቱና የቀኑን አሸዋ ደፉት። ወረቀቱንም ላጡት። ከዚያ ወደ ሶሌን ዞሩ።

«በየትኛው ጠርዝ በኩል ነው የወደቀው? በዚህ ነው ወይስ በዚያ?»

የሶሌን ክንድ እንደ ልማዱ ራሱ ተነሳ። በግራ ብትል ማን ይከራከራታል? ድንጋዩን፣ ፈንጂውን፣ የጀልባዋን አወዳደቅ አሳምራ ልትተርክላቸው ትችላለች። ክንዷን አወረደች።

«አላውቅም» አለች፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነበር።

ማዳም ቱርኮት ለአፍታ አዩዋት። አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ብረቱ መሃል ላይ ሄደው ቁጭ አሉና ጠርሙሱን ሰጧት። ሶሌን ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር እርጥቡን አሸዋ መዝገን ጀመረች። ከሩቅ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

«ባሕሩ እየመጣ ነው እንዴ፣ ልጄ? እንነሳ?»

ሶሌን ቀና ብላ የውሃውን ጠርዝ አየች፤ ድንጋዮቹን ቆጠረች።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለን» አለች። «ይቀመጡ።»