ከመጋዘን ሦስት ያልወጣው ስም

ሐጂ ጀማለዲን ተቀብረው አፈር ከለበሱ በኋላም ስማቸው ከመጋዘኑ አልወጣም። ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል እህል በረንዳ ስትደርስ የተቀበላት ወሬ ይኸው ነበር። ሰውየው ዓርብ ቀን የነቀዝ መድኃኒት በሚታጠን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ አመሻሽ ላይ ጠፍተው ሲፈለጉ ከጤፍ ጆንያዎች ጀርባ ተደፍተው ተገኙ። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ግን «መጋዘን ሦስት» በተመረጠ ቁጥር፣ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስም በሚወርድበት ዝርዝር ላይ «ጀማለዲን» ብቅ ይላል። ተሸካሚዎቹ በዚያ በር ማለፍ ትተዋል።

ሰብለ ወንጌል በመናፍስት አታምንም። ቢሆንም ያንን ስም በዓይኗ ስታየው ደግማ አነበበችው።

ፕሮግራሙን የሠራችው የሟቹ ልጅ ኢክላስ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እንዴት እንደሚሠራ ንገሪኝ» አለቻት ሰብለ ወንጌል።

«ሰው ሲገባ ካርዱን በሩ ላይ ያስነካል፤ ሲወጣም እንደዚያው። ከማጠናችን በፊት መጋዘኑን ስክሪኑ ላይ ካለው ከላይኛው ዝርዝር እንመርጣለን። ያኔ ታችኛው ዝርዝር መጋዘኑ ውስጥ ባለው ሰው ስም ይሞላል። መጀመሪያ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፈው ስሞቹን የሚያመጣው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ጠዋት ሲነሳ አንዴ ብቻ ነበር፤ የወጣውን ሰው ቀኑን ሙሉ አለ ይላል፣ የገባውን ደግሞ አያውቀውም። አስተካከልኩት። አሁን መጋዘን በተመረጠ ቁጥር የካርዶቹን መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ካልተስተካከለስ? አባባ ውስጥ እያለ ማንም የለም ብሎ ከሆነስ? የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ሰብለ ወንጌል ለማጽናናት አልቸኮለችም፤ ያላጣራችውን ነገር ለሐዘንተኛ መማል አትወድም።

ከዚያ የመጋዘን ጠባቂውን ይመርን አስጠራች። ከወሎ መጥተው በዚህ ቤት ያረጁ ሰው ናቸው።

«ጋሼ ይመር፣ ከማጠን በፊት ዝርዝሩን የሚያዩት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ያን ዓርብ ግን ሱፍያን ‹ዛሬ እኔ አጥነዋለሁ፣ የጁምዓ ሰላት እንዳያመልጥዎት ይሂዱ› አለኝ። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩ።»

«ሐጂስ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓርብ ዓርብ ከሰላት በፊት ለድሃ የሚሰጡትን ጤፍ ከኋለኛው ጆንያ በገዛ እጃቸው ይሰፍራሉ። ሰደቃ ነው፤ ሰው እንዲያይባቸው አይሹም። ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ቤቱ በሙሉ አላየሁም ይላል። ያን ቀን ደግሞ አመሻሽ ላይ በሽማግሌ ፊት የንግድ ቤቱን ቁልፍ ለኢክላስ ሊያስረክቡ ነበር።»

ሱፍያን የሐጂ የወንድም ልጅ ነው፤ በእጃቸው ያደገ። ሰብለ ወንጌል ሳትጠይቀው ተናገረ።

«ያጠንኩትም የቆለፍኩትም እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ዝርዝሩን አይቻለሁ።»

«እንዴት አየኸው?»

«መጋዘን ሦስትን መረጥኩ። ታችኛውን ነካሁት፣ ተዘረጋ፣ ውስጡ ባዶ። ኢክላስን አልወቅሳትም፤ ማሽን ነው፣ ይሳሳታል።»

ሰብለ ወንጌል ብቻዋን ቢሮው ውስጥ ቀርታ መጋዘኖቹን እየቀያየረች መረጠች። ሰው የሌለበትን መጋዘን ዝርዝር ነካች፣ ደግማ ነካች። ከዚያ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«ሱፍያን፣ መጋዘን አንድ አሁን ሰው የለበትም። ምረጠውና ታችኛውን ዝርዝር ዘርጋልኝ።»

ሱፍያን መረጠ። ታችኛው ዝርዝር ደበዘዘ። ነካው፤ አልተዘረጋም። ጣቱን ጫን አድርጎ ሞከረ።

«ኢክላስ፣ ለምን እምቢ አለው?»

«ስም ካልመጣ እንዳይከፈት አድርጌ ነው የሠራሁት» አለች ኢክላስ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ፕሮግራሙ ተሳስቶ ማንም የለም ቢል ኖሮ» አለች ሰብለ ወንጌል፣ «ዝርዝሩ ይደበዝዝ ነበር እንጂ አይዘረጋም። አንተ ግን ተዘረጋ አልክ። የሚዘረጋው ስም ሲኖርበት ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚያዩት ጋሼ ይመር ናቸው፤ አንተ ያየኸው ያን ቀን ብቻ ነው፣ ባዶ ሲሆን አይተኸው አታውቅም። እሳቸውን በጁምዓ አሳበህ ሸኘህ። ሐጂ የት እንዳሉ ታውቅ ነበር፤ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ዝርዝሩን ዘረጋህ፣ ስማቸውን አነበብክ፣ ቆለፍክ። ውሸቱን ስታበጅ ካየኸው ላይ ስሙን አስወጣህ፤ መዘረጋቱን ግን እንዳለ ተውከው።»

ይመር ግድግዳውን ተደግፈው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ።

ሱፍያን ስክሪኑን እንጂ ሰዎቹን አላየም። «ያን በር ከልጅነቴ ጀምሮ ስከፍት ስዘጋ የኖርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቁልፉ ግን ለእሷ። አንዴ እንኳ አልጠየቁኝም።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ኢክላስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የአባቷ ሬሳ ሲወጣ ካርዱን በሩ ላይ ያስነካ ማንም አልነበረም። ካርዱን ማስነካት ለረሳ ሰው፣ በእሷ የይለፍ ቃል ብቻ የሚሠራ «ወጥቷል» የሚል ቁልፍ አለ። እስከዛሬ የአባቷን ስም ለመንካት እጇ አልታዘዛትም ነበር። መጋዘን ሦስትን መረጠች፤ ስሙ ወረደ። ሰብለ ወንጌል ለመውጣት ተነስታ ነበር፣ ቆመች።

«በል ና፣ ውጣ አባባ» አለች ኢክላስ፤ ቁልፉንም ተጫነች።

ዝርዝሩ ደበዘዘ። ደግማ ነካችው፤ አልተዘረጋም።