አንድ አዋቂ፣ አንድ ልጅ

ይህን የምጽፍላችሁ ፈጠራ ቢሆን ደስ ባለኝ...

አይደለም።

በእኔ ቤት፣ በእኔ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። ሌሊትም አይደለም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ሰው በሚተራመስበት መንገድ ላይ ነው።

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም "ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም" ብዬ ነበር የማልፈው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳሎናችን ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ የስፌት ቤት ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ ድንቡሼ እንላታለን።

የቤቱን ወጪ የምንጽፈው በስልክ ነው። የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፍተን በሁለታችንም ስልክ ላይ አደረግነው። እኔ ስጽፍ እሱ ያያል፣ እሱ ሲጽፍ እኔ አያለሁ። መጀመሪያ የተገዛው ዕቃ፣ ቀጥሎ ዋጋው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማን እንደገዛው... "እናት" ወይም "አባት"።

ሌላም ገጽ አለው። የሚቀጥለው ወር ዕቅድ። እዚያ ላይ የቤተሰቡን ብዛት ስትሞሉ ዳቦው፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው ራሱ ይሰላል።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ሲሰለቸው ከፍቶ ያነበዋል። "ዛሬ ሽንኩርት መግዛትሽን አየሁ፤ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ" ይለኛል። ለሌላዋ ባሏ ግጥም ይጽፍላታል፤ እኔና የኔው ሰውዬ በሽንኩርት ነበር የምንነፋፈቀው።

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው።

"የልጅ ጫማ፣ ቀይ። እናት።"

እኔ አልገዛሁም። ደወልኩለት።

"ቀይ ጫማ ገዛህላት እንዴ?"

"አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?"

"አልጻፍኩም።"

"እንግዲያው ድንቡሼ ስልክሽን ነካክታ ይሆናላ።" ሳቀ።

ድንቡሼ ገና "ሀ"ን ገልብጣ ነው የምትጽፈው። የወጪውን ገንዘብ የምናስቀምጥበትን መሳቢያ ከፍቼ አየሁ፤ ምንም አልጎደለም። መስመሩን አጠፋሁት።

በማግስቱ ተመልሶ ነበር።

ከሥሩም ሌላ ተጨምሯል... "የመንገድ ቦርሳ፣ ትንሽ። እናት።"

ቤቱን አገላበጥኩት። ቁም ሳጥን፣ አልጋ ሥር፣ የጨርቅ ክምር... ጫማም የለ፣ ቦርሳም የለ።

የስልኬን የይለፍ ቃል ቀየርኩ።

ከዚያ የፀጉሩ ነገር መጣ።

የሰፋሁትን ልብስ ለደንበኞች ላደርስ ስወጣ ድንቡሼን ጎረቤታችን ጋ ነው የምተዋት። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ያን ቀን ልጄን ወስጄ ቤት ስገባ ኮፍያዋን አወለቅኩላት።

ፀጉሯ ተሠርቷል። ቀጭን፣ ጥብቅ፣ እንደ መርፌ ስፌት ወደ ኋላ የወረደ።

እኔ ፀጉር መሥራት አልችልበትም።

"ማን ነው የሠራሽ?"

"አንቺ።"

"እኔ? መቼ?"

"ቅድም። እትዬ ቤት ስትመጪ።"

ጉንጉኗን እየነካካች...

"እጅሽ ግን ይቀዘቅዝ ነበር" አለችኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። አዲስ መስመር ነበረ።

"የፀጉር ቅባት። እናት።"

ባለቤቴ ሐሙስ ገባ። ራት ቀረበለት፤ አልነካውም። ድንቡሼ ምንጣፍ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድራለች። እሷ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ልትሄጂ ነው?"

"የት?"

"እሱን ነው የምጠይቅሽ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። የሚቀጥለው ወር ዕቅድ ነው።

የቤተሰብ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሦስት ነበር። አሁን ሁለት ይላል።

የቤት ኪራዩ ባዶ ነው። ዳቦው ቀንሷል፣ ሳሙናው ቀንሷል፣ የአባት የሚባል ነገር በሙሉ ወጥቷል።

ወተቱ ግን አልተነካም። በቤታችን ወተት የምትጠጣው ድንቡሼ ብቻ ናት።

ከታች ደግሞ...

"የአውቶቡስ ትኬት። አንድ አዋቂ፣ አንድ ልጅ። ቅዳሜ። እናት።"

ስልኩን መልሼ ገፋሁለት።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት።

"ስምሽ ነው ያለው።"

"'እናት' ብሎ መጻፍ ለማን ያቅታል? አንተስ ብትሆን?"

ያልኩት ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እንደማያውቀኝ ሰው ነበር ያየኝ።

"እኔ ልጄን ከእናቷ ነጥዬ የት ነው የምወስዳት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ያን ምሽት ጀርባ ለጀርባ ተኛን። አርብ ማለዳ ጭነት ነበረበትና ሄደ። ስንለያይ ሳመኝ፤ ግን ሲስመኝ ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ልብሴን ሸክፌ እንደሆነ እያየ... ገብቶኛል።

እኔም አላመንኩትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመንኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ቆልፌ ልጄን ከአጠገቤ ሳላርቅ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን አንዲት ደንበኛ ልብሷን ልትለካ መጣች። ድንቡሼ መቀሱን፣ መርፌውን እየነካካች አላሠራ አለችኝ። እትዬ ድምፃችንን ሰምተው ብቅ አሉ።

"ስጪኝ፣ እኔ ጋ ትሁን። ግድግዳ ነው የሚለየን።"

እጃቸውን ይዤ ወደ ጎን ሳብኳቸው።

"እትዬ፣ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጧት።"

"ምን ነካሽ ልጄ?"

"ለማንም። አባቷም ቢመጣ።"

ደነገጡ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደንበኛዋ ለብሳ፣ አውልቃ፣ እዚህ ጋ ይጥበብ፣ እዚያ ጋ ይስፋ ብላ ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የልብስ መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

ፈገግ ብለው ከፈቱልኝ።

"ምን ረሳሽ?" አሉኝ።

"ኧረ ምንም። ድንቡሼን ልውሰድ ብዬ ነው።"

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አሁን ወሰድሻት እኮ።"

...

"ምን አሉኝ?"

"አሁን መጣሽ። ቀይ ጫማ አጠለቅሽላት። ተንበርክከሽ፣ እዚሁ ደጃፌ ላይ..."

"እትዬ፣ እኔ አልመጣሁም።"

የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ከዚያ በሹክሹክታ...

"ታዲያ አቅፋ የተሰናበተችኝ ማን ናት?"

ከዚያ በኋላ እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። መንገዱ ላይ ራሴን ያገኘሁት እየሮጥኩ ነው። ነጠላ ጫማዬ አንዱ የት እንደወለቀ እንጃ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

"ድንቡሼ የለችም።"

"ምን ማለት ነው የለችም?"

"ወሰዷት። አንተ ነህ? ንገረኝ፣ አንተ ከሆንክ ምንም አልልህም..."

"እኔማ መንገድ ላይ ነኝ!"

ከጀርባው የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ መኪናውን ዳር ሲያስይዝ ሰማሁት።

"ቆይ" አለ። "ሠንጠረዡን ልየው።"

እኔ እሮጣለሁ።

"አሁን እየጻፍሽ ነው?"

"ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው! ምን እጽፋለሁ?"

"እየተጻፈ ነው..." ድምፁ ተሰበረ። "ዓይኔ እያየ ነው የሚጻፈው። 'ውሃ፣ አንድ ጠርሙስ። መናኸሪያ። እናት።'"

ወደ መናኸሪያው ታጠፍኩ።

"እናትዬ" አለኝ። በተጋባን ሰሞን ነበር እንዲህ የሚጠራኝ። "ሩጪ።"

መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል። ሻንጣ የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ፣ የሚጣራ፣ የሚገፋ። ማንንም ሳልለይ እየገፋሁ ገባሁ። እየጮኽኩ ስሟን ጠራሁ።

ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ብቻዋን።

እግሯ መሬት አይደርስም፤ ቀይ ጫማዋን ታወዛውዛለች። ትንሽ ቦርሳ ጭኗ ላይ አቅፋለች። ስታየኝ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ዓይኗ እጄን ነው የፈለገው።

"ውሃውስ?" አለችኝ።

"የምን ውሃ?"

"ውሃ ልግዛ ብለሽ ሄድሽ እኮ። 'ከዚህ እንዳትነሺ' አልሽኝ።" ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ልብስሽን ለምን ቀየርሽ?"

ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ቦርሳው ወደቀ። ጫማዎቹን ከእግሯ ላይ መንጭቄ አግዳሚው ሥር ወረወርኳቸው። ስልኩ ውስጥ ባለቤቴ ይጮኻል።

"አገኘሻት? አገኘሻት ወይ?"

"አገኘኋት" አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዞር ስል የአውቶቡስ ረዳት ፊቴ ቆሟል። በጣም እንደሚያውቀኝ ሰው ነበር የሚያናግረኝ።

"እመቤት፣ በይ እንጂ ግቢ፤ ልንነሳ ነው።"

"አልሄድም። ተሳስተሃል።"

"እንዴት ነው የምሳሳተው? አሁን አይደል ውሃ ይዘሽ..." ንግግሩን አቋረጠ። ዞሮ ወደ አውቶቡሱ ውስጥ አየ። ተመልሶ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ...

ፊቱ አመድ መሰለ።

ምንም ሳይል ወደ ኋላው እያፈገፈገ ገባና በሩን ዘጋው።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከአጠገባችን በቀስታ ሲያልፍ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። መሄድ ነበረብኝ። ግን ቆሜ ቀረሁ።

ወደ ኋላ ካሉት መቀመጫዎች በአንዱ አንዲት ሴት አለች። ጀርባዋን ነው ያየሁት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አጠገቧ ካለው መቀመጫ ጋር ታወራለች፤ ልክ ሰው ልጁን ሲያባብል እንደሚያደርገው። የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። ወደ ታች አቀበለች።

ጠርሙሱን የተቀበላት አለ።

ከዚያ ከመስኮቱ ጠርዝ ሥር ትንሽ መዳፍ ብቅ አለና መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ጣቶቹን እየከፈተ፣ እየዘጋ... ቻው።

ድንቡሼ ጉንጯን ትከሻዬ ላይ እንዳስደገፈች እጇን አወጣች።

እሷም መልሳ ቻው አለች።